የትግል ሜዳሊያ

ባሌ የጥንት ግሪኮችን የብር ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። እንዲህ ስል ሰሚው ሣጥን ሙሉ ብር ይታየዋል። በደርግ ዘመን ደሴ ተቀምጦ የግሪክ ገንዘብ መሰብሰብ ማለት ግን በአብዛኛው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ማለት ነበር። ስንጋባ አንድ ነበረው። እየቆየ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ ከዚያ ቆመ።

አንደኛውን የሰጠው ግሪኩ አሠሪው ነው። ሰውየው ደሴ ተወልዶ ደሴ ያረጀ የቆዳና ሌጦ ነጋዴ ነበር፤ እንደኛው «ወላሂ» ሳይል ዋጋ አይቆርጥም። መጋዘኑ ተወርሶበት አገር ለቆ ሲሄድ፣ ጸሐፊው የነበረውን ባሌን ጠርቶ ከኮቱ ኪስ አንድ ድቡልቡል ብር አወጣና «ይቺ ከአያቴ የመጣች ናት። ፍተሻ ላይ ይወስዱብኛል፤ አንተ ያዛት» አለው። ባሌ መጋዘኑ የመንግሥት ከሆነ በኋላም እዚያው ወንበር ላይ ቀረ። ብሩ ግን ሌላ ሰው አደረገው። ከታላቁ እስክንድር በፊት የተመታ መሆኑን፣ የመጣበት ከተማ ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር የባሕር ዳርቻ መሆኑን ከየት ከየት እንዳነበበ አላውቅም፤ ብቻ ያውቅ ነበር። በአንድ ፊቱ ወንጭፍ የሚያሽከረክር ሰው አለበት። በሌላው ፊቱ ሁለት ራቁታቸውን የሆኑ ሰዎች ተያይዘው ይታገላሉ።

ሁለተኛው ፒያሳ ሱቅ ከነበራቸው አንድ የመናዊ ሽማግሌ የተገኘ ነው። ዑድና ቅመም ሲመዝኑ ሚዛኑን ለማስተካከል የሚጥሉት አሮጌ ብር ነበራቸው። ባሌ ጽጌረዳ አየበትና «የሮድስ ደሴት ገንዘብ ነው» ብሎ ልቡ እዚያ ቀረ። ሽማግሌው አልሸጥም አሉ። ባሌ ከሥራ ሲወጣ ሱቃቸው እየሄደ፣ ስለ ብሩ ምንም ሳያነሳ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሚዛኑን ሲያይ ከረመ። ዓመት ሊሞላው ሲል ሽማግሌው «ልጄ፣ ውሰደውና ቤትህ ግባ» አሉት።

ሦስተኛው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። እዚያ ፋብሪካ ሊተክሉ ከመጡት የውጭ አገር መሐንዲሶች አንዱ የሮማን ፍሬ የታተመበት ብር እንዳለው ሰምቶ ወረደ። ሲወርድ እናቴ ለሠርጋችን የሰጠችንን ወፍራም የበግ ጠጉር ባና ለብሶ ነበር። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ ፈረንጁ ባናውን ወደደው፣ ተለዋወጡ። በአውቶቡስ ደሴ ሲደርስ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ የኔ ሰው በሸሚዝ ነው። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ብሩን መዳፌ ላይ አኖረና «እያት፣ ፍሬዎቿ አይታዩሽም?» አለኝ። ታዩኝ። በኋላ እናቴ ስለ ባናው ስትጠይቀኝ የምላት ጠፍቶኝ «ሮማን ገዛንበት» አልኳት። ምን ያህል ሮማን ብላችሁ ነው ብላ አልጠየቀችኝም፤ ግን ለረጅም ጊዜ ሆዴን ታይ ነበር።

ሦስቱም በከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ በጥጥ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ባሌ ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ እጁን ታጥቦ ያወጣቸዋል፣ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራቸዋል፣ ያያቸዋል፣ ይመልሳቸዋል። ለማንም አያሳይም። ለኔም የሚያሳየኝ አብሬው ስለምኖር ይመስለኛል።

ነገሩ የመጣው ከእነዚህ ጁምዓዎች በአንዱ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሳያንኳኳ ገባ። ለአብዮት በዓል መዋጮ ሊሰበስብ ነው የመጣው። ሊቀ መንበሩ ቀድሞ የኳስ ዳኛ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ በፊሽካ ሰው ማስቆም ስለለመደ፣ መናገር ሲጀምር ሁሉም ባለበት ቀጥ እንዲል ይፈልጋል። እኛም ባለንበት ቀጥ አልን።

«ይኼ ምንድን ነው ጓድ?» አለ፣ የሚታገሉት ሰዎች ያሉበትን ብር አንስቶ።

የባሌን ፊት አየሁት። በዚያች ቅጽበት ያሰበውን በኋላ ነግሮኛል። ገንዘብ ነው ቢል የውጭ ምንዛሪ ደብቀሃል ይባላል። ቅርስ ነው ቢል ከየት ቆፍረህ አወጣህ ይባላል። የግሪኩ ነጋዴ ስጦታ ነው ቢል ከተወረሰ ከበርቴ ጋር ምን አገናኘህ ይባላል።

«ሜዳሊያ ነው» አለ።

«የምን ሜዳሊያ?»

ባሌ ብሩ ላይ የተያያዙትን ሁለት ሰዎች አየ። «የትግል።»

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ሲጠራ የተቀመጠ ሰው ይነሳል። ሊቀ መንበሩ ቆሞ ስለነበር ኮፍያውን አወለቀ።

«የየትኛው ሕዝብ ትግል?»

«የግሪክ።»

«የግሪክ ሰፊ ሕዝብ» አለና ብሩን ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። «እነዚህ ሰዎች ልብስ የላቸውም።»

«ጭቁኖች ናቸው» አለ ባሌ።

ቤት ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን፤ ማናችንም አልሳቅንም። ባሌ ሁለት ቃል ተናግሮ ሦስተኛውን ወላሂ የሚል ሰው ነው። ያን ቀን አንድም ጊዜ አላለም።

ሊቀ መንበሩ ግን ብሩን አልለቀቀም። እያገላበጠ አየው፣ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ ከዚያ የዳኝነቱ ነገር መጣበትና «ጓድ፣ ይኼ እኮ ትግል ነው» አለ።

«ብዬዎት ነበር እኮ።»

«አይደለም፤ ትግል ነው የምልህ፣ የሚታገሉት ትግል። እግሩን አየኸው? ሊጠልፈው ነው እኮ!»

በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ለበዓሉ ስፖርታዊ ውድድር አዘጋጁ ተብሎ ታዝዟል፤ ኳሳቸውን ሌላ ቀበሌ ተውሶ አልመለሰም፤ ሽልማት የሚባል ነገር የለም። ይህን ሁሉ ሲያወራን ድምፁ እየሞቀ ሄደ። መጨረሻ ላይ ብሩን በመሐረቡ ጠቀለለው።

«የሕዝብ የትግል ውድድር እናካሂዳለን። ሽልማቱ ይኸው።»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይኼ ለኔ…»

«የግሪክ ሕዝብ ለትግሉ ያወጣውን ሜዳሊያ አንተ ለብቻህ ቆርቆሮ ውስጥ ይዘህ ምን ታደርገዋለህ?»

ባሌ የቀሩትን ሁለቱን ወደ ቆርቆሮው መለሰ። ሊቀ መንበሩ ሲወጣ አስታወሰና ከበር ተመለሰ፤ መዋጮውንም ከፈልን።

እኔ የምሠራው በልብስ ስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ የውድድሩ ሥራ ወደኔ መጣ። የታጋዮቹን ቁምጣ እንድሰፋ ታዘዝኩ። ከቁምጣው በኋላ ሜዳሊያው የሚንጠለጠልበትን ቀይ ሪባን አዘዙኝ። ሊቀ መንበሩ ብሩን ይዞ ስፌት ቤት መጣና «አንጥረኛ ጋ ወስጄ ላስበሳው ነው፤ ሪባኑን በዚያ ልክ አድርጊው» አለኝ።

ማታ ይህን ለባሌ ስነግረው የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰው። «ይበሱታል? በየት በኩል?» አለኝ። በየት በኩል ቢሆን እንደሚሻለው አላውቅም። ማዶ ማዶውን እያየ «ራሱን ይበሱታል፤ የግራውን ሰውዬ ራሱን ይበሱታል» እያለ ቆየ፤ የዘመድ መርዶ የመጣ ነው የሚመስለው። በማግስቱ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦና የሐር ክር ፈልጌ እንደ መረብ ያለች ማቀፊያ ሠራሁና ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ብሩን ሳይበሳ ከሪባኑ ጋር አያያዝኩት። ለሊቀ መንበሩ «የተበሳ ሜዳሊያ ድሃ ያስመስላል» አልኩት። ተስማማ።

ባሌ በበኩሉ ምክሬን ሳይጠይቅ ሄዶ ለውድድሩ ተመዝግቦ መጣ።

ባሌን ማወቅ ያስፈልጋል። ከሲታ ነው፤ ወገቡን ያመዋል፤ ባልዲ ሙሉ ውሃ ሲያነሳ አስቀድሞ ቢስሚላህ ይልና ዙሪያውን ሰው ካለ ያያል። «ከማን ጋር ልትታገል ነው?» አልኩት። «ከመጣው» አለኝ። «ብሩ የኔ ነው። ሌላ የማስመልስበት መንገድ የለም።» እንዲህ ሲል ኩሩ መስሎ ታየኝ።

የትግል ስልት የሚያስተምረው አልነበረውም። የሚያውቀው ትግል ብሩ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ብሩ ደግሞ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተቆልፎበታል። ግን ለዓመታት ጁምዓ ጁምዓ ያየው ስለሆነ አንዲት ጣት አልጠፋችውም። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፍተን መሐል ቤት ቆምን።

«አንቺ የቀኙ ነሽ» አለኝ። «ጎንበስ በይ። እጅሽን ወደኔ። አይ፣ ግራሽን። እኔ የእጅሽን አንጓ እይዛለሁ። ግንባርሽን አስጠጊ።»

ግንባር ለግንባር ገጥመን፣ አንጓ ለአንጓ ተያይዘን ቆምን። በዚያን ጊዜ ከሱ እኔ እከብድ ነበር።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ አይታይም።»

«ማን እንደጣለ አይታወቅም?»

«እንደዚህ ሆነው ነው የቀሩት።»

እኛም እንደዚያ ሆነን እንቆይ ነበር፤ እስኪደክመን። አንድ ቀን ጎረቤታችን ወንፊት ልትዋስ ገባች። ግንባር ለግንባር ገጥመን፣ ዓይን ለዓይን ተፋጠን አየችን። ወንፊቱን ሳታነሳ ወጣች። ከመግሪብ በኋላ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ሁለቱን ይዛ ተመለሰች። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ በነቢዩ ላይ ሰለዋት አውርደው፣ ትዳር ስለሚፈልገው ሰብርና ትዕግሥት ረጅም ነገር ተናገሩ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ሰማና «አባቶቼ፣ ልምምድ ነው» አላቸው።

ታላቁ ሽማግሌ አሰቡበት። «ልምምዱንም ተዉት» አሉ።

በዓሉ ደረሰ። ውድድሩ ሆጤ ሜዳ ላይ ሆነ። ከኮምቦልቻም እህት ቀበሌ ተብሎ ተጋብዞ ታጋዮች በጭነት መኪና መጡ። እኔ የሰፋኋቸው ቁምጣዎች ሁሉም በአንድ ልክ የተሰፉ ስለነበሩ በአንዳንዱ ላይ ጠበቡ፤ ባሌ ግን የሱን በሁለት እጁ ይዞ ነው የገባው። በመጨረሻ ሪባን ሰጥቼው አሰረበት።

የመጀመሪያው ተጋጣሚው አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ፊሽካ ሲነፋ ባሌ ሮጦ ሄደና የሰውየውን የእጅ አንጓ ያዘ፣ ግንባሩን ገጠመ፣ ቆመ። ጋጋሪው ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቀ። ባሌም ጠበቀ። ሕዝቡ መጀመሪያ ጮኸ፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ ቀጥሎ የራሱን ወሬ ጀመረ። ጋጋሪው አሁን አንድ ነገር ሊያደርገኝ ነው ብሎ ሲጨነቅ ፊቱ ላይ ይታያል። መጨረሻ ላይ እጁን ነጠቀና «እኔ እንዲህ ያለ ሰው አልታገልም፤ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም» ብሎ ከሜዳው ወጣ። ሊቀ መንበሩ የባሌን እጅ ከፍ አደረገ። ባሌ ወደኔ ሲያይ የነበረውን ፊት መቼም አልረሳውም፤ እንደዚያ ተገርሞ አይቼው አላውቅም። ሌሎቹ ወጣቶች እርስ በርሳቸው ሲጣጣሉ ቆዩና፣ ዕጣው እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ የኔ ባል ለፍጻሜ ቀረ።

የፍጻሜ ተጋጣሚው የኮምቦልቻ መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነው። ትልቅ ሰው ነበር፤ ሰፊ ደረት፣ ልጅ እግር ፊት። ባሌ እንደልማዱ አንጓውን ያዘ። የሰውየው አንጓ በባሌ እጅ አልሞላም። ሰውየው ጎንበስ አለና ባሌን እንደ ከረጢት ትከሻው ላይ አነሳው። ቀርቤ ስለነበር የተባባሉትን ሰማሁ።

«ጋሼ፣ የት ላስቀምጥዎ?»

«ቀስ ብለህ» አለ ባሌ። «ወገቤን ያመኛል።»

ሰውየው ሣር ያለበት ቦታ ፈልጎ በጀርባው አስተኛው። ሊቀ መንበሩ ስለ ግሪክ ሰፊ ሕዝብ ንግግር አደረገ፤ ብሩን አሸናፊው አንገት ላይ አንጠለጠለ። ሁለተኛ የወጣው ሳሙና ተሸለመ። ባሌ ሳሙናውን በግራ እጁ ይዞ አሸናፊውን ሊጨብጥ ሄደና በሌላው እጁ ብሩን ይዞ ቀረ። «በአሸዋ እንዳትፈትገው» አለው። «በሎሚም እንዳታጥበው።»

«እሺ ጋሼ» አለ ሰውየው፣ ነገሩ ሳይገባው።

ከዚያ ወዲያ ባሌ ታመመ ማለት ይቻላል። ወገቡ እንኳ ተሽሎት ነበር። ሁለቱን ብሮች አያወጣም። አንድ እሑድ ኮምቦልቻ ደርሼ ልምጣ ብሎ ሄደ፤ ሲመለስ «ጆንያ ሲሸከም ብሩ አንገቱ ላይ ነው፤ በላብ ርሷል» ብሎኝ ተኛ።

ጥቂት ሰነበተና ያ አሸናፊ ሰውዬ ራሱ ቤታችን መጣ። ከፊቱ እናቱ ነበሩ፤ ከኮምቦልቻ ወዲያ ካለችው ከሐርቡ ተነስተው ልጃቸውን አስከትለው፣ አንድ ፓፓያ በነጠላቸው ይዘው። በሌላ እጃቸው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ከሰውነታቸው አርቀው ይዘዋል። አሰላሙ አለይኩም ብለው ገቡ፤ አክብረን አስቀመጥናቸው። ቋጠሮውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩና «የዚህ ባለቤት አንተ ነህ አሉኝ» አሉት ባሌን።

«ነበርኩ፣ እናቴ።»

«ልጄ ራቁት ሰው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣብኝ። እኔ ይኼ ባለበት ቤት አልሰግድም ብዬ ጎረቤት እየሄድኩ ስሰግድ ሰነበትኩ።»

ባሌ ተቁነጠነጠ። «ጥንታዊ ሰዎች ናቸው እኮ እናቴ።»

«ጥንትስ ሱሪ አልነበረም?» አሉ።

ሴትዮዋ ብሩን ሊመልሱ ነው የመጡት፤ ልጁ ግን ሌላ ችግር ነበረበት። «ኮምቦልቻ ለሚደረገው ሰልፍ ሜዳሊያዬን አድርጌ እንድወጣ ታዝዣለሁ» አለ፣ ከእናቱ ኋላ ሆኖ። «ያለሱ ብወጣ ሸጥከው ይሉኛል።»

እኔ ከአንገቴ ጠገራ ብር ልፈታለት አሰብኩ። ባሌ ጠገራው ላይ ንግሥት አለችበት፣ ሊቀ መንበሩ ፊውዳል ይላታል አለ። ጠገራው ላይ ያለችው ሴትዮም ደረቷ ክፍት ነው። ይህን ልናገር ስል ግን የሴትዮዋ አንገት ላይ ተርታውን የተደረደሩትን ጠገራዎች አየሁና ተውኩት።

ከዚያ መርፌዬን አወጣሁ። ከጋራዥ የመጣች ትልቅ ሮንዴላ፣ መሐሏ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት፣ ነበረችን፤ በቀይ ከፈይ ሸፈንኳት፣ ቀዳዳውን ደፈንኩት፣ በብርማ ክር ሁለት የሚታገሉ ሰዎች ጠለፍኩበት። ሴትዮዋ አጠገቤ ተቀምጠው ያዝዙኛል። ሱሪ ሠራሁላቸው። «ረዘም አድርጊው» አሉ። አስረዘምኩት። «ሸሚዝም ይኑራቸው።» ሸሚዝ አለበስኳቸው። «ቆብስ?» ቆብ ደፋሁላቸው። ሲያልቅ ሁለቱ ሰዎች የሚታገሉ መሆናቸው ቀርቶ፣ መንገድ ላይ ተገናኝተው ሰላም የሚባባሉ የተከበሩ አባወራዎች መሰሉ። ልጁ አንገቱ ላይ አድርጎ በመስታወታችን ራሱን አየና ደስ አለው። እናቱ ዱዓ አደረጉልን፤ ልጅ እንዲሰጠን፣ ቤታችን እንዲሞላ፣ ዓይናችን ከማይረባ ነገር እንዲጠበቅ። ባሌ ለሁሉም አሚን አለ፤ ለመጨረሻው ድምፁ ቀነስ ብሎ ነበር።

በሰልፉ ቀን ሊቀ መንበራችን ኮምቦልቻ ወርዶ ስለነበር ፈርተን ነበር። ልጁ እንደነገረን፣ ሊቀ መንበሩ ቀርቦ ከፈዩን በጣቱ ዳሰሰ፣ ብዙ ጊዜ አየ፣ «ለብሰዋል» አለ።

«አዎ ጓድ» አለው ልጁ።

«ነፃ ወጡ ማለት ነው» ብሎ አለፈ።

ለሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ያሉትን በብዛት እንድሠራ ታዘዝኩ። ባሌም በሜዳው ላይ ባሳየው ትዕግሥት የቀበሌው የትግል አሠልጣኝ ሆኖ ተመረጠ። እምቢ ማለት አይቻልም ነበርና ወጣቶቹን ሰብስቦ አንጓ ማስያዝ ጀመረ። ቀበሌያችን በትግል አንድም ጊዜ አላሸነፈም፤ ግን ማንም ጉዳት አልደረሰበትም።

ብሩ ከተመለሰ በኋላ ባሌ የለወጠው ነገር አለ። በፊት በሩን ዘግቶ ነበር የሚያያቸው፤ አሁን እንግዳ ሲመጣ ቆርቆሮውን ራሱ ያመጣል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ያን ቀን ሜዳው ላይ ሁሉም ሰው ብሩን ነበር የሚያየው» አለኝ። «ከተመታ ጀምሮ ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አይቶት አያውቅ ይሆናል። እኔ ደብቄው ነው የኖርኩት።» ወንፊት የምትዋሰው ጎረቤታችን አየችው። እናቴም የሮማኗን አየቻት፤ ስለ ባናው ያኔ ገባትና ለጥቂት ጊዜ አኮረፈችን።

ሊቀ መንበሩ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻውን መጣ። ሸምግሏል፤ ዓይኑም ደክሟል። በዚህኛው ጊዜ በሩን አንኳኳ። ባሌ ብሩን መዳፉ ላይ አኖረለትና «አንድ ነገር ዋሽቼዎታለሁ» አለው። «ሜዳሊያ አይደለም። ገንዘብ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ብሩን በአውራ ጣቱ አሻሸው። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

«ምን ይገዛ ነበር?» አለ።

«እርግጠኛ አይደለሁም። ወታደር የሚከፈለው ነበር ይባላል።»

«በግ ይገዛል?»

«የሚገዛ ይመስለኛል።»

«ምን ያህል በግ? አውራ ነው ወይስ ሙክት?»

ባሌ ወንበሩን አስጠጋ። ሙክት ለአንድ ብር ብዙ ነው፣ የባሕር ዳር አገር በግ ደግሞ እንደኛ አገር በግ አይደለም፣ ጠጉሩም ለብቻው ይሸጣል አለ። ሊቀ መንበሩ በግ ጠጉሩ ካለ ዋጋው ይወጣል ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም አንድም ነገር አያውቁም ነበር። ቢያንስ ጠቦት ይገዛል ብለው ሊስማሙ ሲሉ፣ ቆዳውስ ለማን ነው የሚል ጥያቄ መጣ፤ ባሌ ደግሞ ዕድሜውን ያሳለፈው በቆዳ መጋዘን ነው። እኔ ገበያ የምሄድበት ሰዓት ደርሶ ነበርና ዘንቢሌን አንስቼ ወጣሁ። ስመለስ ገና ቆዳው ላይ ነበሩ።